መጀመሪያው ብቸና የቀረ መጽሐፍ

አንድ ተራ ቀን መምህር አካለ ወልድን ብዙ ያስወጣዋል። በዝግባ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት ያሉት ክፍሎች ሁለት፣ የሚያስተምረው ደግሞ እሱ ብቻ ነው። አንደኛውን ክፍል ፊደል አስይዞ ወደ ሌላው ሲሻገር፣ ሌላውን አስጽፎ ወደ መጀመሪያው ሲመለስ፣ ጫማው ያን ደፍ በመርገጥ ብቻ ያልቃል። ጠመኔ ሦስት ይፈጃል፤ አራተኛውን ለነገ ብሎ ሰብሮ ያስቀምጠዋል። ድምፁ እስከ ስድስት ሰዓት ያገለግለዋል፤ ከዚያ ወዲያ በእጁና በቅንድቡ ነው የሚያስተምረው። አሥር ሰዓት ላይ ልጆቹን ሲያሰናብት ደግሞ ትልልቆቹ ግድግዳው ሥር ተደርድረው ይጠብቁታል። አንዱ ወታደር ለሄደ ልጁ ደብዳቤ፣ አንዷ ለወረዳ ገዥው አቤቱታ፣ አንዱ ለባላጋራው ማስጠንቀቂያ ያስጽፋሉ። ይህ ሌላ ሦስት ገጽ ይበላል፤ ቀለሙም ወረቀቱም የራሱ ነው። የሚመለስለት "እግዜር ይስጥልን" ነው፤ አልፎ አልፎ ጥንድ እንቁላል ወይም እፍኝ የሽምብራ እሸት ይጨመርበታል።

ለራሱ የምትቀረው ሰማዩ ከፈካ በኋላ ከብቱ እስኪሰማራ ድረስ ያለችው ጊዜ ናት። በዚያች ጊዜ ደጁ ላይ ዱካውን አውጥቶ ተቀምጦበት፣ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ አንድ ገጽ ይጽፋል። ባለቤቱ ይርጋነሽ ትንሿን ልጅ አጥባ እስክትጨርስ ገጿ ካልሞላች የዚያን ቀን ገጽ አይኖርም።

ስለዚህ ዘጠና ስድስት ገጽ ያለው ደብተር ማለት ለእሱ ቢያንስ ዘጠና ስድስት ጠዋት ነው። እነዚያ ጠዋቶች ብቸና ወርደው ከቀሩ ይኸው ስድስት ዓመት አለፋቸው።

አካለ ወልድ የመርጡለ ማርያም ልጅ ነው። አባቱ መሪጌታ ገብረ ሚካኤል ቅኔ ተምሮ የእርሳቸውን ወንበር እንዲወርስ ነበር አሳባቸው። እሱም አራት ዓመት ጎጆ ቀልሶ፣ እህል ለምኖ ተማረ። በኋላ ግን አስኳላው ሳበውና ሄደ። አባቱ እስኪሞቱ ድረስ ስለ እሱ ሲጠየቁ "ቅኔውን በጠመኔ ለወጠው" ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልጨመሩም። በ1954 ዓ.ም. ዝግባ ጊዮርጊስ ሲመደብ ጓዙ አንድ ብርድ ልብስና አንድ የጣውላ ሣጥን ነበር። በሣጥኑ ውስጥ ለየበዓሉ የጻፋቸው ግጥሞች አሉ። ከእነሱ መካከል ሦስቱን አዲስ አበባ ላለ ጋዜጣ ልኮ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ብቸና የሚወርደውን ሰው ሁሉ "ፖስታ ቤት ጠይቅልኝ" እያለ አንድ ክረምት አሳለፈ። አንድም መልስ ሳይመጣ ክረምቱ ወጣ።

ያን ጊዜ ነው ግጥሙን ትቶ ረጅም ታሪክ የጀመረው። "የጓዴ ልጆች" አለው። ጓዴ የሚባል ሰው ከአባይ ማዶ አንድ በሬና ሦስት ልጆች ይዞ ተሻግሮ ይመጣል። ጫካውን መንጥሮ አገር ያቀናል። ሲሞት ሁለቱ ወንዶች ልጆቹ መሬቱን ለሁለት ይካፈላሉ፤ እህታቸው ወለተ ሥላሴ በዚያው ሳምንት አራስ ነበረችና አልጠሯትም። ከአራስ ቤት ስትወጣ የእሷ ድርሻ የለም። መጽሐፉ የሚከተለው እሷን ነው። ሦስት ደብተር ሞላ። አካለ ወልድ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ግን የመጀመሪያውን ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ነበር። ጓዴ ወንዙ ዳር ቆሞ፣ ከመሻገሩ በፊት ለልጆቹ የሚናገራቸው ሦስት መስመሮች እዚያ አሉ። ሦስቱ መስመሮች አሥራ አንድ ጠዋት ፈጅተዋል። የአራት ዓመት ቅኔውም፣ የአባቱም ቅያሜ ተጨምቆ እዚያ ገብቷል።

የአሠራር ልማድ ነበረው። የጻፈውን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ዋርካው ሥር ሲያርፍ፣ ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል። የት ላይ እንደሚያስሉ፣ የት ላይ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው እንደሚስቡ እያየ በማግሥቱ ያቃናዋል። አገሩንም እንዲያውቁት ብሎ ዋርካውን፣ ግራር ውኃ የሚባለውን ወንዝ፣ ቁራ አፋፍን በስማቸው አስገባቸው። አንድ ሽማግሌ ስለ ወለተ ሥላሴ ሲነበብ በዘንጋቸው መሬቱን ይወጉ ነበር፤ ሴቶቹ በግልጽ አለቀሱ። አካለ ወልድ ያን ቀን ምሳ መብላት አቃተው፤ ደስታው አንገቱ ድረስ ሞልቶት ነበር።

ታዲያ ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ እንኳ "ይህ ሰው በእውነት ነበር ወይ?" ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እሱም አልተናገረም። በዚያ አገር አንድ ሰው ተነሥቶ "እገሌ አቀና፤ እገሌን ወለደ፤ እገሌም እገሊትን ወለደ" ማለት ከጀመረ ጨዋታ ሊያወራ አይደለም፤ ርስት ሊጠይቅ ነው። ዘር ቆጥሮ አቅኚው አባት ላይ የደረሰ ሰው፣ በወንድ ይሁን በሴት፣ ከመሬቱ ይደርሰዋል። ይህን ከማንም በላይ ማወቅ የነበረበት ያው የርስት ልማድ ባለበት በመርጡለ ማርያም ተወልዶ ያደገው አካለ ወልድ ነበር። ግን ደራሲ ሆኖ ነበርና አላየውም።

በ1958 መጨረሻ አንድ እሑድ ወይዘሮ የሺእመቤት ቀረቡት። ባላቸው የሞቱባቸው፣ በድንጋያማው ዳርቻ አንዲት ቁራሽ መሬት ያላቸው ሴት ናቸው። ጎረቤታቸው አቶ ማናዬ በየዓመቱ ሲያርሱ አንድ አንድ ትልም ወደ እሳቸው እየገፉ፣ ቁራሿ ከዓመት ዓመት ትጠባለች። ወይዘሮ የሺእመቤት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ደብተሩን እንዲያውሳቸው ለመኑት። የፈለጉት መጀመሪያውን ነው። አልጋ ላይ የዋሉ አክስታቸው አሉ፤ ቄሱ ያነቡላቸዋል።

አካለ ወልድ በሕይወቱ ጽሑፉን ላንብብ ብሎ የለመነው ሰው አልነበረም። ደብተሩን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ በሁለት እጁ ሰጣቸው። ቤት ገብቶ ሲያወራላት ይርጋነሽ የመጀመሪያ ልጇን ታቅፋ ሰማችውና፣ "ወተት ቢጠይቁህ ይገባኛል። ደብተር ምን ያደርግላቸዋል?" አለችው። ሥነ ጽሑፍ ያልገባት መስሎት አዘነላት።

በሳምንቱ ወይዘሮ የሺእመቤትን ከአስጻፊዎቹ መካከል ግድግዳው ሥር ተቀምጠው አገኛቸው። ተራቸው ሲደርስ አቤቱታ አሉት። ከቅድመ አያታቸው ከወለተ ሥላሴ የሚደርሳቸውን ርስት አቶ ማናዬ ይዘውባቸዋልና እንዲመለስላቸው። የዚያን ቀን አራተኛው አቤቱታ ነበር፤ ጣቱ ደንዝዟል። ደግሞስ ወለተ ሥላሴ ያልተባለች የማን ቅድመ አያት አለች? እንደተነገረው ጻፈው። እንዲያውም ቋንቋው ላላ ሲልበት ሁለት ቦታ አሳመረው።

መጥሪያው የመጣው በጥቅምት ነው። ብቸና በእግር ስድስት ሰዓት ነው። አካለ ወልድ ትምህርት ቤቱን ዘግቶ ሄደ፤ በምን እንደተፈለገ አያውቅም ነበር። ችሎት ሲገባ ዳኛው ጠረጴዛ ላይ፣ ከአቤቱታው ጎን፣ ሰማያዊ ልባስ ያለው ደብተሩ ተቀምጧል። ማለ፣ ቆመ።

"ይህ የማን እጅ ነው?" አሉ ዳኛው ደብተሩን ከፍ አድርገው።

"የእኔ ነው ጌታዬ።"

"አቤቱታውስ?"

"እሱም የእኔ ነው።"

ችሎቱ ውስጥ ሳቅ አለፈ። አቶ ማናዬ እጃቸውን አነሡ። ወፍራም ጋቢ የለበሱ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። "ጌታዬ፣ ዘሩንም ክሱንም የጻፈው አንድ እጅ ነው። አሁን ደግሞ ያው እጅ መስቀል መትቶ ይመስክርልን? ይህ ሰው ቢተዉት ፍርዱንም ጽፎ ይሰጥዎታል" አሉ።

አካለ ወልድ ያን ጊዜ ገባው። ጓዴ የሚባል ሰው በምድር ላይ እንዳልነበረ፣ ከራሱ አእምሮ እንዳወጣው፣ እንዲህ ያለው ጽሑፍ ልብ ወለድ እንደሚባል አስረዳ። ዳኛው በትዕግሥት ሰሙት። ወይዘሮ የሺእመቤት ግን ዞር ብለው ፊቱን አዩት፤ ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም፣ እንደ ታመመ ልጅ ነው ያዩት።

"ዋርካውን አንተ ነህ የፈጠርከው?"

"ዋርካውስ አለ እሜቴ።"

"ግራር ውኃስ?"

"እሱም አለ።"

"ታዲያ ዋርካው ካለ፣ ወንዙ ካለ፣ ከመሀላቸው የተቀመጠው ሰውዬ ብቻ እንዴት ይጠፋል?"

ዳኛው ነገሩ በሽማግሌ ምስክር እስኪጣራ ደብተሩ በማስረጃነት ይቀመጥ ብለው አዘዙ። የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ፣ ሙሉአለም የሚባል ጨዋ ወጣት፣ በወረቀት ጠቅልሎ፣ በገመድ አስሮ፣ ቀይ ሰም አንጠባጠበበት። አካለ ወልድ ማኅተሙ ሰሙ ውስጥ ሲሰምጥ ቆሞ አየ።

ከችሎት ወጥቶ መዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ ቆመ። ደብተሩን ባይሰጡት እንኳ እዚያው ቁጭ ብሎ እንዲገለብጠው ለመነ።

"ባለጉዳይ ነዎት?" አለው ሙሉአለም።

"ምስክር ነኝ።"

"ምስክር መዝገብ አያይም መምህር። ማየት የሚችል ተከራካሪው ነው፤ ከዘሩ ነኝ ብሎ በጉዳዩ የገባ ሰው።"

"እኔኮ ጸሐፊው ነኝ።"

"እዚህ ቤት ጸሐፊው እኔ ነኝ" አለ ሙሉአለም። ለመሳለቅ ብሎ አልነበረም፤ ደንቡን ነው የነገረው። ጉዳዩ ሲያልቅ ራሱ በክብር እንደሚያስረክበው ቃል ገባለት። አካለ ወልድም የስድስት ሰዓቱን መንገድ ባዶ እጁን ተመለሰ።

ለጉዳዩ ማለቅ ተስፋ ነበረው። ሽማግሌዎቹ ቀርበው "ጓዴ የሚባል አናውቅም" ካሉ ነገሩ በአንድ ቀጠሮ ይዘጋል። ሦስት ሽማግሌዎች ተጠሩ። የመጀመሪያው መስቀል መትተው አያታቸው ስለ ጓዴ ይነግሯቸው እንደነበር ተናገሩ። ሁለተኛው ጓዴ ግንባሩ ላይ የጎሽ ቀንድ የጣለበት ጠባሳ እንደነበረው መሰከሩ። ጠባሳውን አካለ ወልድ አልጻፈውም ነበር። ያን ሁሉ ንዴት ይዞ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ "ምነው እኔ ባሰብኩት" አለ በልቡ፤ ጥሩ ጠባሳ ነበር። ሦስተኛው ሽማግሌ የጓዴን መቃብር አሳያለሁ አሉ።

አቶ ማናዬ ነገሩን አመዛዘኑ። የአገሩ ሽማግሌ ያወቀውን ሰው ካዱ ማለት ዘር የለሽ ሆነው መቅረት ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮ ቀርበው፣ ጓዴማ አባታቸው መሆኑን፣ በበኩር ልጁ በወልደ ሰንበት በኩል አምስተኛ ትውልድ እንደሆኑ፣ ወለተ ሥላሴ ግን ድርሻዋን በከብት ወስዳ እንደነበር ተናገሩ። ወልደ ሰንበት በደብተሩ ውስጥ ያለው የትልቁ ወንድም ስም ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሳሽም ተከሳሽም የጓዴ ልጆች ሆኑ። ጓዴ የለም የሚል አንድ ሰው ብቻ ቀረ።

አካለ ወልድ እንደገና እንዲሰሙት ለምኖ ቆመ። አቶ ማናዬ ከተቀመጡበት ሳይነሡ "አንተ የመርጡለ ማርያም ሰው ነህ ወንድሜ። የእኛን ዘር የት ታውቀዋለህ?" አሉት። የችሎቱ ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ወይዘሮ የሺእመቤት እንኳ ነቀነቁ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሞጣ ላይ አንድ ሰው ይጠብቀው ነበር። አቶ አብዱልዋሂድ ይባላሉ፤ አያታቸው ሞጣ ላይ የነገዱ፣ እሳቸውም ጨርቃ ጨርቅ፣ ደብተር፣ ቀለምና ጋዜጣ የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው። አካለ ወልድ በዓመት ሁለት ጊዜ ለትምህርት ቤቱ ደብተርና ቀለም ለመግዛት እሳቸው ዘንድ ይሄዳል። አንድ ጊዜ ዝናብ ይዞት ሱቃቸው ውስጥ ሁለተኛውን ደብተር ሲያነብላቸው፣ ገዢ ቆሞ እየጠበቀ እንኳ ክንዳቸውን ከጠረጴዛው ላይ አላነሡም። በየዓመቱ ከጥምቀት በኋላ ዕቃ ለመሙላት አዲስ አበባ ይወርዳሉ፤ የማተሚያ ቤት ሰው ያውቃሉ። "ሙሉውን አምጣና እኔ ራሴ አደርሰዋለሁ" ብለውት ነበር፣ ገና ደብተሩ ሳይታሸግ። እሱ ግን መጨረሻውን እያቃና አንድ ዓመት አዘገየው። ያን ዓመት ሲያስብ አሁንም ከንፈሩን ይነክሳል።

በ1960 አዲስ በታወጀው የእርሻ ግብር ጉዳይ አገሩ ታመሰ። መንገድ ተዘጋ፣ ቀጠሮ ተሻገረ፣ ትምህርት ቤቱም ሁለት ወር ተዘጋ። ሰላም ሲሆን ችሎቱ ለአቶ ማናዬ ፈረደ። አካለ ወልድ በዚያው ሳምንት ብቸና ገሠገሠ። ሙሉአለም ሣጥኑን ሊከፍት ቁልፉን አነሣ፣ መዝገቡን ገለጠ፣ ቁልፉን መልሶ አስቀመጠው። ወይዘሮ የሺእመቤት ይግባኝ ብለው ነበር። መዝገቡ ደብረ ማርቆስ ሄዶ በሁለት ዓመቱ "እንደገና ይጣራ" ተብሎ ተመለሰ። እንደገና ሲጣራ አዲስ የጓዴ ዘሮች ከቁራ አፋፍ ማዶ መጥተው ገቡበት። አካለ ወልድ ስድስት ጊዜ ሄደ። ስድስት ጊዜ ሙሉአለም ወንበር ሰጠው፣ ውኃ ሰጠው፣ ደብተሩን አልሰጠውም። ማንንም መውቀስ አይችልም፤ ደንቡ ደንብ ነው፤ ክሱ የባለክሱ ነው። የሚያንገበግበውም ይኸው ነው፤ የሚጣላው ሰው አጣ።

ይርጋነሽ "እንደገና ጻፈው፤ ከራስህ ነው የወጣ፣ ራስህ አለ" ትለዋለች። ሞከረ። አንድ ክረምት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ተቀመጠ። ነገር ግን ብዕሩን ሲያነሣ ዳኛው ከትከሻው በላይ ሆነው የሚያነቡ ይመስለዋል። ዋርካውን "አንድ ዛፍ" አለው፤ ግራር ውኃን "አንድ ወንዝ" አለው። ማንም አባቴ ነው እንዳይለው ብሎ ጓዴን ያለ አገር፣ ያለ መልክ፣ ያለ ስም አስቀረው። ሦስቱን መስመሮች ሲሞክር ፍሬ ነገሩ ይመጣል፤ ቃሉ አይመጣም። እያንዳንዱ አዲስ ሙከራ ደግሞ የፊተኛውን ይሸፍነዋል። በአራተኛው ሙከራ እውነተኛዎቹን መስመሮች ከሙከራዎቹ መለየት አቃተው። የጻፈውን ሞጣ ወስዶ ለአቶ አብዱልዋሂድ አሳያቸው። መነጽራቸውን አድርገው እስከ ሦስተኛው ገጽ አነበቡና ዘጉት።

"መምህር፣ ይህ ሰውዬ ምን ፈርቶ ነው?"

"የትኛው? ጓዴ?"

"የሚጽፈው።"

ይህ አነጋገር ከሞጣ እስከ ዝግባ አብሮት መጣ። ቤቱ ሲደርስም አልተወውም።

በመጨረሻ ኩራቱን ዋጠና ወደ ወይዘሮ የሺእመቤት ቤት ሄደ። እሳቸው ባለጉዳይ ናቸው፣ መዝገቡን ማየት ይችላሉ። ማንበብ ባይችሉም ሙሉአለም ያነብላቸዋል፤ የመጀመሪያውን ገጽ ሰምተው በቃላቸው ይዘው ይምጡለት። ሴትዮዋ አላቅማሙም። ቅዳሜ ሄደው ሰኞ ተመለሱ፤ በዚያ ዕድሜያቸው፣ በዚያ ዳገት። ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡና ያዳመጡትን አንድ በአንድ ዘረገፉለት። ከዋርካው ሥር ተነሥቶ በድንጋዩ ክምር በኩል፣ ግራር ውኃን በግራ ትቶ፣ እስከ ቁራ አፋፍ ድረስ፤ በፀሐይ መውጫ ይኸ፣ በፀሐይ መግቢያ ያ። አንድም ወሰን አልዘነጉም።

"ከዚያ በፊትስ እሜቴ?" አለ አካለ ወልድ። "ጓዴ ወንዙ ዳር ቆሞ ለልጆቹ የተናገረው?"

"ተናግሯል፤ አዎ። ደስ ይላል። እሱማ ወሬ ነው ብዬ አልያዝኩትም ልጄ።"

ሊቆጣ ፈልጎ ነበር፤ አቧራ የጠጣ እግራቸውን ሲያይ አቃተው። እሳቸው ግን ንዴቱ ገባቸው መሰል፣ እጃቸውን ጉልበቱ ላይ አሳረፉና፣ "አንተ የለም ትላለህ። እኔ ጓዴን ካገኘሁ ወዲህ ማናዬ አንድ ትልም አልገፋብኝም። ድሮ ስሜን የማይጠራ ሰው ዛሬ የጓዴ ልጅ እያለ ከመንገድ ይለቅልኛል። በምን አንጀቴ የለም ልበልልህ?" አሉት። አካለ ወልድ የዚያን ቀን እስከ ቤታቸው ሸኛቸው። ቁራሿ መሬት በእርግጥ አልጠበበችም ነበር። ጤፉ ጥሩ ይዟል።

ሌላ የሚልከው ሰው አሰበ። አቶ ማናዬን ማሰብ ድካም ነው። ተማሪዎቹ ውስጥ የጓዴ ዘር የተባለ ሞልቷል፤ ግን ዕድሜው ያልደረሰ ልጅ ባለጉዳይ አይሆንም። አራተኛን ጨርሰው የወጡት፣ ፊደሉን ያስያዛቸው፣ ዛሬ ሰው የሆኑት፣ ከዝግባ አንድ ጊዜ ከወጡ ወዲያ አልተመለሱም። አንዱ ደብረ ማርቆስ ነው ይላሉ፣ አንዷ አዲስ አበባ ነርስ ሆናለች፣ አንዱ ሹፌር ሆኗል። አድራሻቸውን ማን ያውቃል።

በ1965 ከጥምቀት በፊት አቶ አብዱልዋሂድ በመኪና በመጣ ሰው መልእክት ሰደዱለት። ጉልበታቸው ደክሟል፤ የአዲስ አበባ መንገዳቸው ይህ የመጨረሻው ነው። ሱቁን ለልጃቸው ለሳብሪያ ሊተዉላት ነው፣ እሷ ሕፃናት ስላሏት ከሞጣ አትነቃነቅም። ያለውን ይዞ ይምጣ፤ የሌለውን አይጠብቅ።

አካለ ወልድ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ደብተር ከጣውላ ሣጥኑ አውጥቶ ደጁ ላይ ተቀመጠ። ራስ የሌለው ነገር እንዴት ይላካል? ሰው ገዝቶ ቢከፍተው ከመሀል ይጀምራል፤ ጓዴ ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ አያውቅም። ይህን ሁሉ ለይርጋነሽ አጉረመረመላት። እሷ ትንሿን ልጅ በገንዳ ውስጥ አስቀምጣ ጀርባዋን እያሸች ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን ማጉረምረም ሰምታለች።

"ለቅሶ ቤት ዘግይቶ የገባ ሰው ምን ያደርጋል?" አለችው።

"ምን ያደርጋል?"

"ጎኑ ያለውን 'ማን ነው የሞተው?' ይላል። ጎኑ ያለው ሹክ ይለዋል፤ ከዚያ አብሮ ያለቅሳል። አንተም አንድ ገጽ ሹክ በላቸው። የቀረውን ያለቅሱልሃል።" ውኃውን ልጅቷ ራስ ላይ አፈሰሰችባትና ጨመረች፦ "ደግሞ የሚያነብ ሰው ነው የሚገዛው። እስከዛሬ የላክኸው የማያነብ ሰው ነው።"

አካለ ወልድ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ በሁለተኛው ደብተር የፊት ልባስ ውስጠኛ ገጽ ላይ፣ ባዶ በነበረው፣ ልጅቷ ታጥባ ሳታልቅ ጻፈው። በማግሥቱ ሞጣ አድርሶ ለአቶ አብዱልዋሂድ አስረከባቸው። እሳቸውም ቆመው አነበቡት፤ ሳቁ፤ ከዚያ ሳቃቸውን ትተው ደብተሮቹን በአዲስ አቡጀዲ ጠቀለሏቸው። የታተመ እንደሆነ በመጀመሪያው ገጽ ላይ የሚገኘው ይህ ነው፦

"አንባቢ ሆይ፣ የዚህ መጽሐፍ መጀመሪያ ብቸና መዝገብ ቤት ውስጥ በቀይ ሰም ታሽጎ ይገኛል። እስኪመጣ ድረስ ይህን ያህል ዕወቅ፦ ጓዴ የሚባል ሰው ሦስት ልጆች ይዞ አባይን ተሻገረ፤ ሞተ፤ ሴቲቱን ልጅ ድርሻዋን ነፈጓት። ጓዴ ያልነበረ ሰው ነው ብዬ ምያለሁ፤ የሰማኝ የለም፤ አንተንም በዚህ አልጨቀጭቅህም። ነገር ግን ከዝግባ ጊዮርጊስ ወጥተህ፣ ምናልባትም ከእኔው እጅ ፊደል ቆጥረህ፣ ዛሬ ይህን የምታነብ ከሆንክ፣ ወይም የምታነቢ ከሆንሽ፣ ቤተሰቦችህም የጓዴ ዘር ነን የሚሉ ከሆነ፣ አንተ ባለጉዳይ ነህ፤ እኔ የተከለከልኩትን አንተ ማየት ትችላለህ። ወደ አገርህ ስትመጣ ብቸና ላይ ውረድ። ሙሉአለም የሚባል ጨዋ ሰው ወንበር ይሰጥሃል። ስለ ወሰኑ አትጠይቅ፤ እሱን በቃላቸው የሚያውቁ ሞልተዋል። የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ አስከፍት። ጓዴ ወንዙ ዳር ቆሞ ለልጆቹ የተናገራቸው ሦስት መስመሮች አሉ። አንድ ቃል ሳትጨምር፣ አንድ ቃል ሳትቀንስ፣ አሳምርልሃለሁ ሳትል፣ እንዳሉ ገልብጠህ ላክልኝ። እዚያው ትምህርት ቤት ነኝ።"